ሰውን ከመሬት ስለሚያነሣው ካይት ታሪክ

ካይት ማለት ከወረቀት ወይም ከጨርቅ ተሠርቶ፣ በገመድ ታስሮ፣ በነፋስ ኃይል ወደ ሰማይ የሚወጣ መሣሪያ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ብዙ ሰዎች የልጆች መጫወቻ አድርገው ይቈጥሩታል። ዳሩ ግን ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ ካይት ሠረገላ ጎትቷል፤ ጀልባ አሻግሯል፤ ወታደርን ለቅኝት ወደ ሰማይ አውጥቷል። በዘመናችን ደግሞ በባሕር ላይ በሳንቃ የሚንሸራተቱ ወጣቶችን ከውሃው አንሥቶ ከዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ በላይ ያደርሳቸዋል። ይህ የባሕር ጨዋታ ካይትቦርዲንግ ይባላል፤ ከሁሉ አብልጦ ከፍታን የሚሻው ክፍሉ ደግሞ ቢግ ኤር በመባል ይታወቃል።

እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስንነሣ በልባችን አንድ ጥያቄ ነበረን። ሰው በካይት ከመሬት የተነሣው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ታዲያ ጨዋታው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ለምን ዘገየ? ነፋሱ ያው ነፋስ፣ ባሕሩም ያው ባሕር ነው። ጨርቁና ገመዱ በየጊዜው መሻሻላቸው አይካድም፤ ይህ ብቻውን ግን በቂ መልስ አይሆንም። ታሪኩን ደረጃ በደረጃ ስንከተል ያገኘነው መልስ እንደሚከተለው ነው። ሰውን ማንሣት ያን ያህል ከባድ ሥራ አልነበረም። ከባዱ ሥራ የካይቱን ኃይል በፈለጉበት ሰዓት መቀነስና መልቀቅ ነበር። ካይት ሠሪዎች ሁሉ አንዱን ጥሩ ጠባይ ባገኙ ቍጥር ሌላውን እየከፈሉበት ኖረዋል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም ይህ የመስጠትና የመቀበል ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የካይት መነሻ አገር ቻይና እንደ ሆነች በሰፊው ይነገራል። የቬኒሱ መንገደኛ ማርኮ ፖሎም የቻይና መርከበኞች ሰውን በካይት ወደ ሰማይ ይሰዱ እንደ ነበር ተርኳል። ከዚያ ዘመን ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ በመብረቅ ምርምሩ ስሙ የታወቀው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ገና ልጅ ሳለ ራቁቱን በኩሬ ላይ በጀርባው ተንሳፎ፣ የካይቱን ገመድ በእጁ ይዞ፣ ነፋሱ ወደ ማዶ እንደ ጎተተው ኋላ በደብዳቤ ጽፏል። ልብሱን ጓደኛው በኩሬው ዳር ዞሮ ወስዶለታል። በካይት ስለ መጎተት ከተጻፉት ታሪኮች ይህን የመሰለ ደስ የሚል አላገኘንም።

ነገሩን በቁም ነገር የያዘው ግን የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ጆርጅ ፖኮክ ይባላል፤ የሚኖረውም በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ነበር። ሚስተር ፖኮክ ቻርቮላንት ብሎ የሰየመውን፣ ያለ ፈረስ በሁለት ካይቶች የሚጎተት ሠረገላ ሠርቶ በ1826 የባለቤትነት መብት አወጣበት። ሠረገላው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። በዚያ ዘመን የመንገድ ቀረጥ የሚከፈለው በፈረስ ቍጥር ስለ ነበረ ፖኮክ ቀረጥ ሳይከፍል ያልፍ ነበር። ይኸው መምህር ሴት ልጁን ማርታን በወንበር ላይ አስቀምጦ በካይት ወደ ሰማይ አውጥቷታል። ልጅቱ በደኅና ወርዳ፣ አድጋና አግብታ፣ በክሪኬት ጨዋታ የገነነውን ደብልዩ ጂ ግሬስን ወለደች። የዛሬ ወላጆች እንዲህ ያለውን መምህር ምን ይሉት እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

በፖኮክ ሥራ ውስጥ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው የገመዶቹን ቍጥር ነው። የልጆች ካይት አንድ ገመድ ብቻ አለው፤ ስለዚህ ሄዶ ይቆማል እንጂ አይታዘዝም። ፖኮክ ግን አራት ገመዶች አደረገ። በእነዚህ ገመዶች ካይቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከመምራቱም በላይ የካይቱን ዘንበል ማለት እየለወጠ የመጎተት ኃይሉን ያበዛና ይቀንስ ነበር። ይህ ታላቅ ሐሳብ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ግን ከ150 ዓመት በላይ ያህል ዋጋ የሰጠው ሰው እምብዛም አልነበረም።

ፖኮክን የተከተሉት ሰዎች የፈለጉት መታዘዝን ሳይሆን አለመናወጥን ነበር። ከእነርሱም ዋነኛው በአውስትራሊያ ይኖር የነበረው ሎረንስ ሃርግሬቭ ነው። ሃርግሬቭ በ1893 የሣጥን ካይትን ሠራ። ይህም ከፊትና ከኋላ ክፍት የሆኑ ሁለት ሣጥኖች በእንጨት ተያይዘው የተሠራ ካይት ሲሆን፣ በነፋስ ውስጥ እንደ ተተከለ ምሰሶ ጸጥ ብሎ ይቆማል። ኅዳር 12 ቀን 1894 ሃርግሬቭ በስታንዌል ፓርክ የባሕር ዳርቻ አራት የሣጥን ካይቶችን በአንድ ገመድ አያይዞ፣ ከሥራቸው በተንጠለጠለ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ 16 ጫማ፣ ማለት ወደ 5 ሜትር ያህል ከመሬት ተነሣ። ገመዱ ግን ከመሬት ጋር ታስሮ ነበር። የሥራውንም ውጤት ለዓለም ሁሉ በነፃ ጻፈ እንጂ የባለቤትነት መብት አልጠየቀበትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአውሮፓ የተሠሩ የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች የእርሱን ሣጥን መምሰላቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሣጥኑ ካይት ጸጥታ በነፃ የመጣ አይደለም። ብዙ እንጨትና ብዙ ጨርቅ ስላለው ነፋሱን አብዝቶ ይቃወማል፤ እንደ ልብም አይዞርም። በእንግሊዝ አገር በቲያትር የካውቦይ ጨዋታ ያሳይ የነበረው አሜሪካ ተወላጁ ሳሙኤል ፍራንክሊን ኮዲ የሃርግሬቭን ሣጥን ወስዶ የሌሊት ወፍ ክንፍ የሚመስል ክንፍ ጨመረለት። የማንሣት ኃይሉ በረታ፤ ጸጥታው ግን ቀነሰ። ኮዲ በ1901 የባለቤትነት መብቱን አወጣ፤ በኅዳር ወር 1903 ደግሞ በካይት በሚጎተት ትንሽ ጀልባ ከካሌ ተነሥቶ 13 ሰዓት ያህል ተጉዞ ዶቨር ገባ። የእንግሊዝ ጦር ሠራዊትም ሥራውን ተቀበለለት። የኮዲ አሠራር እንዲህ ነበር። አስቀድሞ ትንሽ ካይት ገመዱን ይዛ ትወጣለች፤ ቀጥሎ ትልልቆቹ ካይቶች ተራ በተራ በገመዱ ላይ ይሰደዳሉ፤ በመጨረሻ ሰውዬው በቅርጫት ተቀምጦ በሌላ ካይት ገመዱን ተከትሎ ይወጣል። ነፋሱ ሲበረታ የካይቶቹ ቍጥር ይቀነሳል፤ ሲደክም ይጨመራል። ወታደሮቹ በዚህ ዘዴ መቶዎች ሜትሮች ወጥተው የጠላትን ጦር ለማየት ተለማመዱ። አውሮፕላን ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀረ።

እንግዲህ ከፍታን በሜትር ብቻ ብንለካ የኮዲ ወታደሮች ከዛሬዎቹ ዝላይተኞች እጅግ ይበልጣሉ። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የኮዲ ወታደር ከመሬት ጋር በታሰረ ብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከታች ደግሞ ብዙ ሰዎች መዘውር ይዘው ቆመዋል። ነፋሱ በድንገት ቢለወጥ ዕድሉ ከራሱ ይልቅ በእነርሱ እጅ ነው።

ይህን የሚያሳየው የስልክ ፈልሳፊ የሆነው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ያደረገው ሙከራ ነው። በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት አንድ ካይት በተተለቀ መጠን ክብደቱ ከስፋቱ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚጨምር ሰውን የሚያነሣ ትልቅ መሣሪያ መሥራት አይቻልም ይሉ ነበር። በሒሳብ ትምህርታችን እንደምናውቀው ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ ስፋቱ አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናልና ክርክራቸው ውኃ የሚቋጥር ነው። ቤል መልስ አገኘለት። አንድ ትልቅ ካይት በመሥራት ፈንታ ባለ አራት ፊት የሆኑ ትናንሽ ካይቶችን እንደ ማር እንጀራ ብዙ አድርጎ አያያዛቸው፤ እንዲህ ሲሆን ክብደቱና ስፋቱ አብረው ያድጋሉ። ሲግኔት የተባለው ካይቱ 3,393 እንዲህ ያሉ ክፍሎች ነበሩት።

ታኅሣሥ 6 ቀን 1907 በካናዳ፣ በባዴክ አጠገብ ባለው የብራ ዶር ሐይቅ ላይ፣ የአሜሪካ ጦር መኰንን የነበረው ሌተናንት ቶማስ ሰልፍሪጅ በሲግኔት ሆድ ውስጥ ተኛና በእንፋሎት መርከብ ተጎትቶ ተነሣ። 51 ሜትር ያህል ወጥቶ ለ7 ደቂቃ በሰማይ ቆየ። ኋላ ነፋሱ ሲደክም ካይቱ ቀስ ብሎ ወረደ፤ አወራረዱ እጅግ ለስላሳ ከመሆኑ የተነሣ ሰልፍሪጅ ውሃው ላይ መድረሱን በጊዜ አላወቀም። በመርከቡ ላይ የነበሩትም የጭስ ማውጫው ጭስ ጋርዷቸው ገመዱን በጊዜው አልቈረጡትም። መርከቡ ጉዞውን አላቋረጠም፤ ስንት ድካም የፈሰሰበት ካይት በውሃ ውስጥ ተጎትቶ ተሰባበረ። ሰልፍሪጅ በዋና ወጥቶ ዳነ። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም 17 ቀን ግን ከኦርቪል ራይት ጋር በተሳፈረበት አውሮፕላን መውደቅ ሞተ፤ በሞተር አውሮፕላን አደጋ ከሞቱት ሰዎች የመጀመሪያው እርሱ ነው።

የታሪክ መጻሕፍት ከዚህ ይልቅ የኮዲን የባሕር መሻገር አጉልተው ይናገራሉ። በእኛ አስተያየት የሲግኔት መሰበር ይበልጥ ያስተምራል። ካይቱ አነሣ፤ ጸጥ ብሎ ቆመ፤ በደኅና አወረደ። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም በላይ ያለው ሰው የጉተታውን ኃይል በገዛ እጁ ሊያቋርጥ አለመቻሉ ነው።

ከዚህ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል አውሮፕላን የሰውን ሐሳብ ሁሉ ስለ ወሰደ በካይት በኩል የሚነገር ብዙ ነገር የለም። በ1948 ፍራንሲስ ሮጋሎና ባለቤቱ ገርትሩድ የእንጨት አጥንት የሌለው፣ ቅርጹን ከነፋሱ ብቻ የሚያገኝ ለስላሳ ክንፍ ሠሩ፤ የመጀመሪያውን ሙከራም የሠሩት በወጥ ቤት መጋረጃ ጨርቅ ነው ይባላል። በ1964 ደግሞ ዶሚና ጃልበርት ከፊቱ ባሉ ክፍተቶች ነፋስ እየገባ የሚነፋውን የጨርቅ ክንፍ አወጣ። ዛሬ ፓራሹተኞች የሚጠቀሙበት አራት ማዕዘን ጃንጥላ የዚህ ልጅ ነው። ሁለቱም ክንፎች ቀላልና በቦርሳ የሚያዙ ናቸው። ነገር ግን የጃልበርት ክንፍ በባሕር ላይ ከወደቀ በዚያው ክፍተት ውሃ ይገባበታል፤ ውሃ የሞላውን ጨርቅ እንደገና ማስነሣት የማይታሰብ ነው።

ለባሕሩ መልስ ያገኙት ከፈረንሳይ አገር ከብሪታኒ የባሕር ጠረፍ የመጡት ወንድማማቾች ብሩኖና ዶሚኒክ ሌጌኑ ናቸው። በኅዳር ወር 1984 የባለቤትነት መብት ያወጡበት ካይት እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ ሆኖ፣ በፊት ጠርዙ ላይ በፓምፕ የሚነፋ ቧንቧ አለው፤ ከዚህ ቧንቧ ወደ ኋላ የሚሄዱ ሌሎች ትናንሽ ቧንቧዎች ደግሞ እንደ ቤት ማገር ጨርቁን ወጥረው ይይዙታል። ካይቱ በውሃ ላይ ሲወድቅ ይንሳፈፋል፤ ጎባጣ ስለ ሆነም በጎኑ ቆሞ ነፋስ ይጠብቃል፤ ተጫዋቹ አንዱን ገመድ ሲስብ እንደገና ይነሣል። የነፋስ ስፖርት ዕቃ ነጋዴዎች ሐሳቡን ለብዙ ዓመታት ችላ ብለውት ነበር። በዚህ መካከል በአሜሪካ ቢል ሮዝለርና ልጁ ኮሪ በጠንካራ ዘንግ የተወጠረ ካይትን ከውሃ ስኪ ጋር አጣምረው በ1994 ለገበያ አቀረቡ። የእነርሱ ካይት ቢወድቅ ገመዱን ጠቅልለው በእጃቸው እንደገና ይሰዱት ነበር። በመጨረሻ ግን የወንድማማቾቹ ቧንቧ አሸነፈ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፈረንሳዊው ማኑ በርታንና አሜሪካዊው ላይርድ ሃሚልተን በሃዋይ ደሴቶች በማዊ ባሕር ጨዋታውን ለዓለም አሳዩ።

ነፋስ የተሞላ ቧንቧም ዋጋ አለው። ወፍራም ቧንቧ ነፋስን ይቃወማል፤ ከጃልበርት ክንፍ ጋር ሲነጻጸር ካይቱ ዘገምተኛ ይሆናል። ወንድማማቾቹ ይህን ዐውቀው ነው የተቀበሉት፤ ከውሃ የማይነሣ ፈጣን ካይት ለባሕር ሰው አይጠቅመውምና።

የመጀመሪያዎቹ የባሕር ካይቶች እንደ ፈረስ ኮቴ እጅግ የጎበጡ ነበሩ። ተጫዋቹ በወገቡ በታጠቀው መታጠቂያ ከካይቱ ጋር ይያያዛል፤ በእጁ የያዘውን ዘንግ ወደ ፊት ሲገፋው የካይቱ ኃይል ይቀንሳል፤ ግን በጥቂቱ ብቻ ነበር። ድንገተኛ ነፋስ ቢመጣ ኃይሉን ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም። በ2002 በጀርመን አገር በፌማርን ደሴት በተደረገ ውድድር የታወቀችው ጀርመናዊት ተወዳዳሪ ዚልከ ጎርልት በካይቷ ተጎትታ ሞተች። ይህን የመሰለ አደጋ በሌሎችም የባሕር ዳርቻዎች ደርሷል። ፖኮክ በ1826 በሠረገላው ላይ አስቦበት የነበረው ኃይልን የመቀነስ ነገር አሁን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነ።

በ2005 ወንድማማቾቹ ሌጌኑ ሁለተኛውን ትልቅ ሥራቸውን ለገበያ አበቁ። ይህ ካይት ከቀድሞው ይልቅ ዝርግ ያለ ነው፤ የኋላ ጠርዙ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው፤ የፊት ጠርዙም በብዙ ቦታ በቀጫጭን ገመዶች ተይዟል። በዚህ ምክንያት ተጫዋቹ ዘንጉን ሲገፋ ካይቱ ፊቱን ወደ ነፋሱ መልሶ እንደ ባንዲራ ይለሰልሳል፤ ኃይሉም ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ቅርጹን ከቀስት ጋር አመሳስለው ቦው ብለው ሰየሙት። የቀድሞው ካይት ወዳጆች ግን ዘንጉ ከበደን፣ ካይቱም እንደ ፊተኛው ቶሎ አይታዘዘንም ሲሉ አማረሩ። እውነትም ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ የወጡት ካይቶች አብዛኞቹ በፈረስ ኮቴና በቀስት መካከል የሚገኙ ናቸው። በመታጠቂያው ላይ በአንድ እጅ ተገፍቶ ካይቱን የሚለቅ መልቀቂያም የግድ ሆነ፤ በ2020 ለዚህ መልቀቂያ ዓለም አቀፍ የመመርመሪያ ደረጃ ወጣለት። መልቀቂያው ሲገፋ ካይቱ በአንዲት ገመድ ብቻ ተይዞ ኃይሉን ያጣል። ሰልፍሪጅ በ1907 ያጣው መሣሪያ ይኸው ነው።

ቢግ ኤር የሚባለው ውድድር ይህ ሁሉ ከመሟላቱ በፊት ተጀምሯል። የአየር ንጉሥ የተባለው ውድድር በ2000 በማዊ ተጀመረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ፤ በ2013 በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን አጠገብ በብሉበርግ የባሕር ዳርቻ እንደገና ሲጀመር አሜሪካዊው ጄሲ ሪችማን አሸነፈ። ብሉበርግ የተመረጠው በደቡብ ምሥራቅ ነፋሱ ምክንያት ነው። ይህ ነፋስ በደቡቡ የበጋ ወራት የከተማውን አየር ጠርጎ ስለሚያጸዳ የአገሩ ሰዎች ዶክተር ይሉታል። በ2017 በዚያው ከተማ ዴንማርካዊው ኒክ ያኮብሰን በመለኪያ መሣሪያ የተመዘገበ 28.6 ሜትር ዘለለ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች 30 ሜትርን አልፈዋል።

ዝላዩ እንዴት እንደሚሆን ባጭሩ እንግለጽ። ተጫዋቹ በፍጥነት እየሄደ ሳለ የሳንቃውን ጠርዝ ውሃው ውስጥ አጥብቆ ይተክልና ካይቱን ከሚሄድበት አቅጣጫ መልሶ ወደ ራሱ አናት ይሰደዋል። ገመዱ እንደ ቀስት አውታር ይወጠራል። በዚያን ጊዜ ጠርዙን ሲለቅ ወደ ላይ ይወረወራል። የነፋስ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ መጠን እንደሚያድግ በፊዚክስ ተምረናል፤ ስለዚህ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በ35 ከሚነፍሰው አራት እጥፍ ይገፋል። ሰውን 20 ሜትር ለማንሣት ይህ ከበቂ በላይ ነው።

የካይት ሠሪው ፈተና ግን እዚህ ላይ ነው። ለካይት ቅርጽ መለኪያ የሚሆነው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት በራሱ አባዝቶ ለጠቅላላው ስፋት ማካፈል ነው። ለምሳሌ 9 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ካይት ይህ ቍጥር 5 ቢሆን ርዝመቱ 6.7 ሜትር፣ አማካይ ወርዱ 1.34 ሜትር ይሆናል። ቍጥሩን ወደ 6 ብናሳድገው ርዝመቱ 7.35፣ ወርዱ 1.22 ሜትር ይሆናል። ረጅምና ጠባብ ክንፍ ነፋሱን በጥቂት ብክነት ወደ ማንሣት ኃይል ይለውጣል፤ ከፍ ያደርጋል፤ በአየር ላይም ያቆያል። ረጅም ርቀት የሚበሩ የባሕር ወፎች ክንፋቸው ቀጭንና ረጅም የሆነው ለዚህ ነው። በዛፎች መካከል የሚያድን ጭልፊት ደግሞ አጭርና ሰፊ ክንፍ አለው፤ ቶሎ መታጠፍ አለበትና። ረጅሙ ካይት እንዲሁ ለመዞር ይዘገያል፤ ሲዞርም ሰፊ ክብ ይሠራል። ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ከተጫዋቹ አናት አልፎ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ገመዱ ይላላል፤ ተጫዋቹም ያለ ደጋፊ ይቀራል።

ከፍታው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ረጅሙን ይመርጥ ነበር። የዘመኑ ዳኞች ግን በከፍታው ላይ ሌላ ነገር ይጠይቃሉ። ተጫዋቹ ከፍ ብሎ ሳለ የዘንጉን አንድ ጎን ይስብና ካይቱን ሙሉ ክብ ያዞረዋል። በዚህ ዙር ካይቱ ወደ ታች ተወርውሮ ሰውዬውን በጎን በኩል በኃይል ይጎትተዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ከአናቱ በላይ መውጣት አለበት። ይህን አደገኛ ዙር ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ሆላንዳዊው ሩበን ሌንተን ነው። ነገሩን በሒሳብ ስናየው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከ20 ሜትር ላይ ምንም ሳይደግፈው ቢወድቅ ውሃው ላይ የሚደርሰው በ2 ሴኮንድ ያህል ጊዜ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ሆኖ ነው። ካይቱ ዙሩን ጨርሶ ካልተመለሰ በዚያ ፍጥነት ውሃ ከድንጋይ ብዙ አይለይም። እንግዲህ ለዙሩ ቶሎ የሚታጠፍ አጭር ካይት ይሻላል፤ ለከፍታው ደግሞ ረጅሙ። ሠሪው ሁለቱንም በሙሉ ሊሰጥ አይችልም፤ እኛም ሁለቱንም በሙሉ የሚሰጥ ካይት አለ የሚል ነጋዴ ቢመጣ አናምነውም።

የቀሩት ምርጫዎች ሁሉ የዚሁ ቅርንጫፎች ናቸው። አምስት ማገር ያለው ካይት በብርቱ ነፋስ ቅርጹን ይጠብቃል፤ ሦስት ያለው ቀላል ስለ ሆነ በደካማ ነፋስ ይንሳፈፋል። ከ20 እስከ 24 ሜትር በሚሆነው የገመድ ርዝመትም ቢሆን፣ ረጅሙ ገመድ ካይቱ የሚሮጥበትን መንገድ አርዝሞ ኃይል ይጨምራል፤ አጭሩ ግን ዙሩን ያፈጥናል። ከ2020 ገደማ ጀምሮ አሉላ የተባለ፣ በካናዳ የተሠራ ቀላልና ደረቅ ጨርቅ ለቧንቧው ማዋል ተጀምሯል። ስሙ ለኢትዮጵያውያን ጆሮ እንግዳ አይሁን እንጂ ከጀግናው ራስ አሉላ ጋር ዝምድና የለውም። ይህ ጨርቅ ቧንቧው ሳይላላ እንዲቀጥን ስለሚያደርግ የቧንቧውን አሮጌ ዕዳ በከፊል ከፍሎለታል፤ ዋጋው ግን ከተለመደው ጨርቅ በብዙ ይበልጣል።

አንድ የክፍል ጓደኛችን ይህን ረቂቅ አንብቦ፣ በአዲስ አበባ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ካይት ቢሰደድስ ሲል ጠየቀን። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስም በዚያው መጠን ያነሰ ኃይል አለው። በብሉበርግ 9 ካሬ ሜትር የሚበቃው ሰው እዚህ 11 ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ያስፈልገዋል። ይህ ትልቅ ካይት ደግሞ ከዘጠኙ ዘግይቶ ይዞራል፤ ከሥሩም የሚጠብቀው ውሃ ሳይሆን መሬት ነው።